ቴነሩን ቀስ አድርገህ ዘምረው

ሐ-ሴኬቴ፣ ሞኮትሎንግ
ጃንዋሪ 14 ቀን 2001

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለማለፋኔ፣

እግዚአብሔር በሄድክበት ሁሉ ይቅደምልህ፤ የምትነዳትንም የዳቦ መኪና ከክፉ ይጠብቅልህ። እኔ ከጉልበቴና ከግራ ጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ዝናቡ ዘንድሮ ጥሩ ነው፤ በቆሎው ወገብ ደርሷል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። በኦክቶበር የአውራጃው ኳየሮች ይወዳደራሉ። የተሰጠን መዝሙር «ወንዙ ሞልቷል» ይባላል። አራት ድምፅ ነው፣ ስምንት ገጽ፣ በዶ-ሬ-ሚ የተጻፈ። ወረቀቱን ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ደግሞ በግራ ጆሮዬ ምንም አልሰማ፣ ቀኙም ደስ ያለውን ብቻ ነው የሚሰማው። ባለፈው ቅዳሜ አልቶዎቹን አንድ ሰዓት ሙሉ ተቆጥቼ መጨረሻ ላይ የተሳሳትኩት እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ማንም አልሳቀብኝም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰዉም እንደ ድሮው በሳምንት ሦስት ቀን አይሰበሰብም። ገሚሱ ከብት ይዞ ተራራ ላይ ነው፣ ገሚሱ ሰው ቤት ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ አንተ ድምፁን ለየብቻ በካሴት ቅዳልንና እያንዳንዱ በየቤቱ እየሰማ ያጥና። ቴፕ የሌለው ከጎረቤት ይዋሳል። ሰባት ለሶፕራኖ፣ ስድስት ለአልቶ፣ ስድስት ለቴነር፣ አምስት ለባስ፤ በጠቅላላው ሃያ አራት። ብዙ መሆኑን አውቃለሁ። ዶ-ሬ-ሚ ማንበብ ያስተማርኩህ እኔ ነኝና ብጠይቅህ አላፍርም።

ከቴነሮቹ አንዱ አዲስ ነው። ድምፁ መልካም ነው፣ ወረቀት ግን አያውቅም። ቴነሩን ቀስ አድርገህ ዘምረው።

የመዝሙሩን ወረቀት በታክሲ ነጂው በፓንያኔ እጅ ልኬልሃለሁ።

አክስትህ ማቱሶ

*

ብሉምፎንቴን
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2001

ለማከብርዎት አክስቴ፣

የአባቶቻችን አምላክ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ጆሮዎንም ይመልስልኝ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ባለ ሱቅ ዳቦው ዘገየብኝ ብሎ በሩን እስኪደበድብ ድረስ።

ሃያ አራቱን ካሴት ልኬያለሁ። ዳቦውን አድርሼ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ቤት እገባለሁ፤ ያኔ ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለሆኑ ሰፈሩ ጸጥ ይላል። ብርድ ልብስ መስኮቱ ላይ ሰቅዬ ነው የቀዳሁት። እንደዚያም ሆኖ አልቶው የወረቀቱ ሦስተኛ ገጽ ላይ ሲደርስ የጎረቤት ውሻ ይሰማል፤ ውሻውን እንዳይማሩት ይንገሯቸው። ሶፕራኖውንና አልቶውን የዘመረችልኝ እኛ ኳየር ውስጥ ያለች ነርስ ናት። ቴነሩና ባሱ እኔ ነኝ።

አጠናኑ እንዲህ ነው። በካሴቱ አንደኛ ገጽ የራሳቸው ድምፅ ብቻውን አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጥሬ መነሻውን እሰጣለሁ። አንድ መስመር እዘምርና ዝም እላለሁ፤ በዝምታው ውስጥ እነሱ ይደግሙታል። ሁለተኛው ገጽ ላይ አራቱም ድምፅ አብሮ ነው፤ የራሳቸው ጎላ ብሎ ይሰማል። የመጀመሪያውን ገጽ ሳያውቁ ሁለተኛውን እንዳይነኩ።

ስለ ሌቡሳ አልጠይቅም። የአባታችን ቀብር ላይ አንድ ቀን እንኳ ያልጠበቀኝን ወንድም እንዴት ነው ብዬ የምጠይቅበት አፍ የለኝም። አምስት ዓመት ሆነው። ደህና ከሆነ ደህና ይሁን።

ልጅዎ ማለፋኔ

*

ሐ-ሴኬቴ
ማርች 25 ቀን 2001

ለልጄ ለማለፋኔ፣

ሰላምህ ይብዛ፣ ቤትህ ሞቅ ያለ ይሁን። ካሴቶቹ የደረሱ ቀን መንደሩ ሰርግ ነው የመሰለው። አሁን በየትኛውም በር ብታልፍ አንተ ስትቆጥር ትሰማለህ። ባስ የሚዘምረው አባባ ሌትሲካ ቴፑን ተራራው ላይ ወደ ከብቶቹ ወስዶታል። «ማለፋኔ አንድ፣ ሁለት ሲል ላሞቼ ይሰለፋሉ፤ ከልጆቼ ይልቅ እሱን ይፈሩታል» ይላል። አንዷ አልቶ ደግሞ ባሏ ኳስ ልስማበት ብሎ ሬድዮኑን ቢቀማት የባትሪ ድንጋዩን አውጥታ ጡቷ ሥር ደበቀችው። «ኳሱን ከዚህ ስማ» አለችው አሉ።

ቴነሮቹ ግን ትፈጥናለህ ይላሉ። አዲሱ በተለይ። «ይሄ ሰውዬ መዝሙር ነው የሚያደርሰው ወይስ ዳቦ?» አለ። ሁላችንም ሳቅን። እንደገና ቀስ ብለህ ቅዳው፤ በተለይ ሌሎቹ ዝም ብለው ቴነሩ ብቻውን የሚወጣባትን «ተሻገሩ ያለን ማነው» የምትለዋን። ስድስት አያስፈልግም፣ አራት ይበቃል። የባሱም እየተንቀጠቀጠ ስለሆነ ሦስት ጨምር።

ስለሌላው፣ አልጠይቅም ብለሃል። እኔም አልመልስም።

አክስትህ ማቱሶ

*

ብሉምፎንቴን
ኤፕሪል 15 ቀን 2001

ለማከብርዎት አክስቴ፣

በፋሲካው ቀን ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ከነመዘምራንዎ በጤና ያቆይዎ። ሰባቱን ካሴት ልኬያለሁ። ቴነሩን ከዚህ በላይ ቀስ ብዬ ከዘመርኩት እንቅልፍ ይወስደኛል። አዲሱን ቴነርዎን፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከሩቅ ሆኖ ሰው መንቀፍ ቀላል ነው ይበሉልኝ። የሚያውቀኝ ሰው ነው እንዴ? አነጋገሩ የሚያውቀኝ ሰው ይመስላል።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ቴነሮቹ ስድስት ነበሩ፤ አሁን ለምን አራት? ሁለቱ ተዉት ወይስ ከከብቱ ጋር ወደ ላይ ወጡ? የሄደ ካለ ይጻፉልኝና የካሴቱን ሁለተኛ ገጽ ለጥቂት ሰው እንዲሆን አድርጌ ልቅዳው።

አባባ ሌትሲካን ሰላም ይበሉልኝ። ትንሽ ሆኜ ፈረሱ ላይ ያስቀምጠኝ የነበረው እሱ ነው።

ልጅዎ ማለፋኔ

*

ሐ-ሴኬቴ
ሜይ 30 ቀን 2001

ለልጄ ለማለፋኔ፣

እግዚአብሔር ይጠብቅህ። መልስ ሳልሰጥህ ስለቆየሁ አትቀየመኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ዘጠኝ ካሴት መልሼ ልኬልሃለሁ። ባዶ ካሴት መግዛቱ ይቅርብህ፣ በላያቸው ላይ ቅዳባቸው። መዝሙሩን አንድ ድምፅ ዝቅ አድርገህ ጀምረው፤ ያንን ከፍታ የምታወጣ ሶፕራኖ አሁን የለችኝም። ባስ አትላክ።

ብርዱ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ።

አክስትህ ማቱሶ

*

ብሉምፎንቴን
ጁን 8 ቀን 2001

ለማከብርዎት አክስቴ፣

ሰላምታ በቅጡ ማቅረብ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን ይለፉኝ።

የላኩልኝን ካሴቶች ከመቅዳቴ በፊት ደህና መሆናቸውን ላይ ብዬ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። የመጀመሪያው የባስ ነበር። እኔ ዘምሬ ከጨረስኩ በኋላ ባዶው ቦታ ላይ ሌላ ሰው አለ። ራሱን ሊሰማ መቅጃውን ተጭኖ ነው መሰለኝ። አባባ ሌትሲካ ነው። ግማሽ መስመር ይዘምራል፣ ከዚያ ሳል ይይዘዋል። ሳሉ አያልቅም። ሚስቱ «በቃህ፣ ተኛ» ትለዋለች። «ይቺን መስመር ልጨርስና» ይላል። መስመሯን አልጨረሳትም። ካሴቱ እስኪያልቅ ጠበቅኩ፤ አልጨረሳትም። ሰላም ይበሉልኝ ያልኩትን አስታውሼ ደብዳቤዎን እንደገና አየሁት። ስለ እሱ አንዲት ቃል የለም። ባስ አትላክ ነው የሚለው።

ቀጥሎ ያሉት ላይ የገባ ሌላ ድምፅ የለም። ስድስተኛው የቴነር ነው።

እኔ «ተሻገሩ ያለን ማነው» ብዬ አቆማለሁ። ከዚያ ቋ ይላል፣ ቁልፉ ሲጫን። ከዚያ አንድ ሰው «ቆይ፣ ቆይ፣ አትሩጥ» አለ።

አክስቴ፣ ካሴቱን መልሼ እንደገና ሰማሁት።

«እዚህ ጋ ሁልጊዜ ትቀድመኛለህ» ይላል። «ልጅ ሆነን ወደ ወንዙ ስንወርድም እንዲሁ ነበርክ። እግሬ አጭር መሆኑን እያወቅክ።» ይስቃል። ከዚያ መስመሯን ይዘምራታል፤ መጨረሻዋን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይስታታል፣ እንደገና ይዘምራታል። ከሩቅ የሴት ድምፅ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ትላለች። እሱ «ከወንድሜ ጋር» ይላል።

እሱም ያስላል። እንደ አባባ ሌትሲካ ነው የሚያስለው።

ሌቡሳ ከመቼ ወዲህ ነው የሚዘምረው? ስሙን ለምን አልነገሩኝም? የዘጠኙ ካሴት ባለቤቶች የት ናቸው? እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ። በላያቸው ላይ አልቀዳሁባቸውም። አልቀዳባቸውምም።

ማለፋኔ

*

ሐ-ሴኬቴ
ጁን 19 ቀን 2001

ልጄ ማለፋኔ፣

እግዚአብሔር ልብህን ይያዝልህ። ፓንያኔ ነገ ጠዋት ስለሚወርድ ዛሬውኑ እጽፋለሁ።

ከዘጠኙ ካሴት የአምስቱ ባለቤቶች ሞተዋል። ሦስቱ ቤት ተኝተዋል። አባባ ሌትሲካን ሜይ 6 ቀን ቀበርነው። ሰላምታህ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። በሽታውን እዚህ ማንም በስሙ አይጠራውም። ቀብር ላይ ቄሱ የሳንባ ሕመም ይላል፣ እኛም አሜን እንላለን። ለአንተ የካሴት ቁጥር ስጽፍልህ የነበረው የሰዎቹን ስም መጻፍ ስላቃተኝ ነው። አራት ብሎ መጻፍ ይቀላል።

ዘጠነኛው የሌቡሳ ነው። በስህተት ላክሁት ብልህ ደስ ባለኝ፤ አውቄ ነው የላክሁት። እንዳልነግርህ ቃል አስገብቶኛል። ካሴቱን እንዳልልክ ግን አላስገባኝም።

በዲሴምበር ነው የመጣው። ከማዕድኑ ሥራ በሕመም አሰናብተውት፣ ሚስቱ ሊኬሌሊ በክንዱ ይዛው። «አክስቴ፣ መዘመር እፈልጋለሁ» አለኝ። «ስትኖር ዘምረህ አታውቅ፣ አሁን ምን ታየህ?» አልኩት። «ማለፋኔ በካሴት ይቅዳልን በይው» አለኝ። እንዲያ አድርገሽ ጠይቂው፣ እኔ እንዳልኩ ግን አትንገሪው አለ። አየህ፣ ሐሳቡ የኔ አልነበረም። መዝሙሩ ሰበብ ነው፤ የፈለገው ያንተን ድምፅ ነው። በኋላ የላክኸውን ካሴት ከትቶ፣ ቴፑን ትራሱ አጠገብ አድርጎ ቀኑን ሙሉ አንተን ሲያስቆጥርህ ይውላል።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። አባትህ የሞተ ጊዜ ሙቀት ነበር። ሌቡሳ «ወንድሜ እየመጣ ነው፣ አንድ ቀን ጠብቁ» ብሎ ለመነን። ሬሳው አይቆይም ብዬ ሽማግሌዎቹን ያስወሰንኩት እኔ ነኝ። አንተ ደርሰህ ሰው ፊት ስትጮህበት፣ በማን ፈቃድ ቀበርከው ስትለው፣ ዞሮ አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። እሱም ስሜን አላነሣም። በኋላ ሄጄ እውነቱን እነግረዋለሁ ስለው፣ «ተይው አክስቴ፣ አንቺን ከሚጠላ እኔን ይጥላ» አለኝ። ደስ አለኝ። ያን ቀን እውነት ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምክንያቱም አንተን ማጣት አልፈለግሁም። ጥፋቴን አምስት ዓመት አሸከምኩት።

ከፈለግህ ከዚህ በኋላ አትጻፍልኝ። ወደሱ ግን ና።

ማቱሶ

*

ብሉምፎንቴን
ጁን 27 ቀን 2001

አክስቴ፣

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ስለ አባታችን የጻፉልኝን ሌላ ጊዜ እመልስልዎታለሁ።

ከዚህ ጋር አንድ ካሴት አለ። መዝሙር አይደለም፤ ለሌቡሳ ነው። አንደኛውን ገጽ ብቻ ነው የሞላሁት። ብቻውን ይስማው።

ፈቃድ የሚሰጡኝ ጁላይ 10 ነው። በማግስቱ ማታ እዚያ እሆናለሁ። ይንገሩት። እንዲጠብቀኝ ይንገሩት።

ማለፋኔ

*

ሐ-ሴኬቴ
ጁላይ 29 ቀን 2001

ልጄ ማለፋኔ፣

ያጽናህ። ሌላ ምርቃት አልመጣልኝ አለ።

የሆነውን ሁሉ ልንገርህ፤ መስማት ያለብህ ከኔ ነው። በስልክ የነገሩህ መሞቱን ብቻ ነው።

ካሴቱን ፓንያኔ ያመጣው ጁላይ 4 ቀን ነው። ሊኬሌሊ ቴፑን አስተካክላለት፣ በሩን ዘግተን ወጣን። ግድግዳው ሥር ፀሐይ እየሞቅን ቁጭ አልን። ምን እንዳልከው አልሰማንም። እሱ ሁለት ጊዜ ሲስቅ ሰማነው። ካሴቱ ቋ ብሎ ሲቆም ተነሣን። ስንገባ ዓይኑ ክፍት ነው፣ ፊቱ እርጥብ ነው። «ምን አለህ?» አልኩት። «አሁንም ይፈጥናል» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ምግብ አልቀመሰም፤ ያቺን የበቆሎ ገንፎ በማንኪያ ጫፍ እንኳ። ጁላይ 7 ቀን ጠዋት ሊኬሌሊን «ማለፋኔ እስኪመጣ እንዳትቀብሩኝ» አላት። ቀን ሰባት ሰዓት ላይ አረፈ። ማረፉን እኔ አላወቅሁም ነበር፣ እጁን ይዤ ቁጭ ብዬ ነበር። እሷ ናት ያወቀችው።

የተራራው በረዶ በማግስቱ ጀመረ። መንገዱ በሁለቱም በኩል ተዘጋ። ሽማግሌዎቹ መጡ። በዚህ ጊዜ እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። «የሞተው ሰው ጠብቁኝ ብሏል፣ እንጠብቃለን» አልኩ። አንዱ «እማማ ማቱሶ፣ መንገዱ መቼ እንደሚከፈት እግዚአብሔር ብቻ ነው የሚያውቀው» አለኝ። «እንግዲያው ከእግዚአብሔር ጋር እንጠብቃለን» አልኩት። ብርድ ስለሆነ ቤቱን ሳናሞቅ አስቀመጥነው። ሊኬሌሊና እኔ ብርድ ልብስ ደራርበን አጠገቡ ተቀመጥን። ስምንት ቀን ጠበቅን። በዘጠነኛው ቀን ሊኬሌሊ ራሷ «በቃ እማማ፣ እየጎዳነው ነው» አለችኝ። እሷ ስትል እኔ ምን እላለሁ? መሬቱ በውርጭ ደርቆ ስለነበር ወንዶቹ ሲቆፍሩ ዋሉ። አሥራ አንድ ሆነን ዘመርንለት።

መንገዱ በማግስቱ ተከፈተ። ፓንያኔ ከታች ቡታ-ቡቴ ከተማ ላይ እንዳየህ ነገረኝ። በረዶው እስኪቀልጥ እዚያ ሰነበትክ፣ ከዚያ ወደ ታች ተመለስክ አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም። አንተንም አልጠይቅህም።

አንድ ጉዳይ ቀርቶኛል። ትናንት ቅዳሜ ልምምድ ነበረን። ሊኬሌሊ መጣች። ከዚህ በፊት መጥታ አታውቅም። መጥታ ቴነሮቹ ጋ ቆመች። «የኔ ልጅ፣ ሴቶቹ በዚህ በኩል ናቸው» አልኳት። «አውቃለሁ እማማ፣ እኔ ግን ሌላውን አላውቅም፣ በቤት ስሰማ የከረምኩት ይሄንን ነው» አለች። ድምፅዋ ወፈር ያለ ነው፣ ዝቅ ብሎ ይወርዳል። ዜማውን ግን ትስተዋለች፤ እሱ የሚስታት ቦታ ላይ፣ እሱ እንደሚስታት አድርጋ ነው የምትስተው። አላረምኳትም፤ ቀጥዪ አልኳት።

አንድ የቴነር ካሴት ላክላት።

አክስትህ ማቱሶ

*

ብሉምፎንቴን
ኦገስት 19 ቀን 2001

ለማከብርዎት አክስቴ፣

ስምንቱን ቀን በሩ ላይ ለቆሙባት ጉልበትዎ እግዚአብሔር ዋጋዋን ይክፈላት። አባታችንን በተመለከተ የጻፉልኝን ብዙ አስቤበታለሁ። መጀመሪያ ተቆጣሁ። መኪናው ውስጥ ብቻዬን ጮህኩብዎ፣ እውነቱን ልናገር። አሁን አልቆጣም፤ ወይም ቁጣው የት እንደገባ አላውቅም። የጮህኩበት አፍ የኔ ነው፤ ያንን እርስዎ አላዘዙኝም። እጽፍልዎታለሁ። መጻፌን አልተውም።

አልጠይቅህም ያሉኝን ልመልስ። መንገዱ የተከፈተ ቀን ከላይ የመጣ የመጀመሪያው መኪና ላይ የነበሩ ሰዎች ሐ-ሴኬቴ ትናንት ቀብር ነበር አሉ። ታክሲው ውስጥ ተቀምጬ ነበር፣ ሂሳብ ከፍዬ። ወረድኩ። ሻንጣዬን ከላይ እንዲያወርዱልኝ ጠየቅሁ። ነጂው «ሰውዬ፣ አሁን ተከፈተ እኮ፣ እንሂድ» አለኝ። ሥራ ይጠብቀኛል አልኩት። ሥራ አልነበረም፤ ፈቃዴ ገና አራት ቀን ነበረው። ለሁለተኛ ጊዜ የተቆለለ አፈር ፊት መቆም ፈርቼ ነው። እሱ ቢሆን ይመጣ ነበር። በሴፕቴምበር መጨረሻ እመጣለሁ፤ ሊኬሌሊ ልታየኝ ካልፈለገች እርስዎ ቤት ሆኜ እመለሳለሁ።

ካሴቱን ልኬያለሁ። አምስት ጊዜ ቀዳሁት። ነርሷም ጎረቤቴም ቤት ስላልነበሩ ብቻዬን ነበርኩ፤ መስኮቱንም አልሸፈንኩትም። አራቱን ጊዜ «ተሻገሩ ያለን ማነው» ላይ ስደርስ አቆምኩ። አምስተኛውን ሳላቆም ወጣሁት፣ የላክሁት እሱን ነው። እዚያች ቦታ ላይ ግን ድምፄ ይሰበራል። ዜማው እንደዚያ አይደለም፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው። እንደ እኔ እንዳትማረው ለሊኬሌሊ ይንገሩልኝ።

ልጅዎ ማለፋኔ